የአማቴ እጅ

አማቴ ቤታችን ሲመጡ በር አጠገብ ካለችው ወንበር አልፈው አይገቡም። ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፉና ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ልጃችንን ከሩቅ ያያሉ። ሚጢ እንላታለን። ምንጣፏ ላይ ጋደም ብላ ድምፅ ወደሰማችበት ፊቷን ታዞራለች፤ አያቷን ግን አታያቸውም። ዓይኗ ምንም አልሆነም፤ የተጎዳው ያየችውን የሚረዳው የአንጎሏ ክፍል ነው ብለውናል ሐኪሞቹ። ባለቤቴ ለእናቷ ሻይ ታፈላለች፣ ስለ ጉልበታቸው ትጠይቃለች፣ መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ ትቆጣለች። ልጅነቷን አላጓደለችም። አንድ ነገር ብቻ ከልክላቸዋለች፤ ሚጢን እንዳይነኩ። ሚጢ ጡት ከተወች ስንት ጊዜዋ፣ ጥርስ አውጥታ ጨርሳለች፣ አያቷ ግን በእጃቸው የያዟት አንዴ ብቻ ነው።

እኔ በያጅ ነኝ። ብረት ተሰብሮ ሲመጣልኝ የት ጋ እንደሳሳ፣ ማን እንደጫነበት አይቼ እናገራለሁ። የእነዚህን የእናትና ልጅ ስብራት ግን ዳር ዳሩን ስዞር ዓመታት አለፉ። ሰዎች "አማትህ ምን ቢያጠፉ ነው?" ይሉኛል። ጥፋታቸውን ብቻ ብናገር እሳቸውን እበድላለሁ፣ ደግነታቸውን ብቻ ብናገር ልጄን እበድላለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልናገር።

ከአማቴ ጋር የተዋወቅነው ቧንቧ ሥር ነው። ባለቤቴን ለማግባት ያሰብኩ ጊዜ፣ ያለችኝን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ቤታቸው ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ እጄን ስዘረጋ የሞተ አይጥ እንዳዩ ሁሉ አዩት።

"መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።"

"ታጥቤያለሁ እማማ።"

"አይቼዋለሁ እኮ። ና።"

ቧንቧው ጋ ወስደው ራሴ ላይ ቆሙብኝ። በጣቶቼ መሐል፣ አውራ ጣቴን ለብቻው፣ የጥፍሬን ሥር፣ ከዚያ አንጓዬን። እንደ ትልቅ ወንድ ሳይሆን እንደ ጭቃ ሲጫወት እንደዋለ ልጅ አሳጠቡኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። ይህ ጋብቻ ቢቀርስ ብዬ ሳስብ ነበር እውነቱን ለመናገር። ሲበቃቸው በፎጣ አደራርቀው ጨበጡኝ፤ እጃቸው ምድጃ አጠገብ የቆየ ፎጣ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ ሙቅ እጅ ጨብጬ አላውቅም።

በኋላ እንደሰማሁት መሥሪያ ቤታቸውም የሚጠሯቸው "እጀ ሙቅ" እያሉ ነው። በትልቁ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበሩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ፣ የሰው መዳፍ የሚያክሉ ልጆች በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ይተኛሉ። ደማቸው ጥቂት ስለሆነ የሚወሰደው በጠብታ ነው፣ ያውም ከተረከዝ። ተረከዝ ደግሞ ከቀዘቀዘ አይሰጥም። ቸኩሎ የሚጨምቅ ሰው ደሙን ያበላሸዋል፣ መልሱም የተበላሸ ይሆናል። አማቴ እግሩን መዳፋቸው ውስጥ ይይዙና እስኪሞቅ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ልጅ እግር ነርሶች ሲቸኩሉ ካዩ "የሚጨመቅ ሎሚ ነው፤ የልጅ እግር ይለመናል" ይሏቸዋል።

በር ላይ ካለው ቧንቧ ሳይታጠብ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ዋናውን ሐኪም ከነጎብኚዎቻቸው ከበር መልሰዋቸዋል አሉ። "መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ!" ሰውየው ተቆጥተው ነበር፤ ግን ታጠቡ። አማቴ ይህን ሲያወሩ ፊታቸው እንደ ልጅ ይፈካ ነበር።

ባላቸው የሞቱት ባለቤቴ በወጉ መራመድ ሳትጀምር ነው። ሌላ ልጅ የለም። እናት ተረኛ ስትሆን ልጅቱ የነርሶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ በተሰቀሉ ጋውኖች መሐል ተኝታ አደገች። አንዴ ከተጋባን በኋላ እንዲህ ስትል ሰምቻታለሁ፦ "የእናቴ እጅ ለሰው ልጅ ነው የሚሞቀው። እኔ ጋ ሲደርስ ይደክማል።" እየሳቀች ነው ያለችው፣ ሳቋ ግን ከጥርስ አላለፈም። እኔም ከእናትና ልጅ መሐል ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ ወሬውን ቀየርኩ።

ከድሮ ጀምሮ አማቴን የሚያንገበግባቸው ነገር ደሙ የሚሄድበት መንገድ ነበር። ላቦራቶሪው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ስለሆነ ቀጭኗን የመስታወት ቱቦ ይዞ ደረጃ የሚወርድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው መንገድ ላይ ወዳጅ ካገኘ፣ ወይ ላቦራቶሪው ወረፋ ከያዘ፣ አለቀ። "ደም እንደ ወሬ ነው፣ ሲቆይ ሌላ ይሆናል" ይሉ ነበር። ልጁ ትንፋሽ እያጠረው መልሱ ገና ደረጃ ላይ ነው። ሲደርስም አንዳንዴ የሚነበብለት ልጅ የለም።

በመጨረሻ ማሽኑ መጣላቸው። ክፍሉ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት የደም ጠብታ ሲያጠጡት የልጁ ደም ውስጥ ኦክስጅን ምን ያህል እንዳለ፣ የተቃጠለው አየር ወጥቶ እንደሆነ፣ ደሙ አሲድ በዝቶበት እንደሆነ፣ ስኳሩም ጭምር፣ ሰው እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ በብጣሽ ወረቀት ይተፋዋል። አማቴ ስም አወጡለት። "ምራቴ" አሉት። "ወንድ ልጅ አልሰጠኝም፣ ምራት ግን ሰጠኝ" እያሉ በየቤቱ አወሩ። ጠዋት ሲገቡ ያጸዱታል፣ ማታ ሲወጡ ይሰናበቱታል። ቤታችን መጥተውም ወሬያቸው እሱው ነው።

"ምራቴ ትንሽ ደም ትጠጣለች እንጂ ውሸት አታውቅም።"

"አማችስ እማማ?" እላለሁ።

"አማች ደም መች ይጠጣል! እሱ የሚጠጣውን እኔም አንተም እናውቃለን።"

እንዲህ ነበርን። ደህና ቤት ነበረን።

ባለቤቴ አረገዘች፣ ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ መጣባት፣ ሚጢ ተወለደች። ጩኸቷ ከድመት ግልገል አይበልጥም። ወዲያው ጠቅልለው ወደ አማቴ ክፍል ወሰዷት። እዚያ ክፍል ግን አማቴ ራሳቸው ያወጡት ደንብ አለ፤ ዘመድ ዘመዱን አያክምም። የወገን እጅ ይንቀጠቀጣል ባይ ናቸው። ስለዚህ ያን ጠዋት ኃላፊዋ ነርስ እንደ ማንም አያት ከክፍሉ መስታወት ውጪ ከእኔ ጋር ቆሙ። ባለቤቴን ከወሊድ ክፍል በተሽከርካሪ ወንበር አመጧት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

መስታወቱ ውስጥ ተረኛዋ ነርስ ከሚጢ ተረከዝ ደም ልትወስድ ነው። ወጋቻት። አልመጣም። እንደገና ወጋቻት። የልጄ አፍ ተከፍቶ አያለሁ፣ ድምፅ ግን አይሰማም። አማቴ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው "ቀዝቅዟል... እግሯ ቀዝቅዟል... ይዛ ብትቆይ ምናለ..." ይላሉ ለራሳቸው። ያኔ ነው ባለቤቴ የተናገረችው።

"እማዬ፣ አንቺ ግቢ።"

"ደንብ ነው ልጄ፣ አይሆንም።"

"ለሰው ልጅ ሁሉ ስታሞቂ ኖረሻል። የእኔን ልጅ አንድ ጊዜ ያዥልኝ።"

ይህን ሰምቶ የሚችል አንጀት ካለ የእናት አንጀት አይደለም። አማቴ ገቡ። በር ላይ ታጠቡ፣ በጣት መሐል፣ አውራ ጣት፣ የጥፍር ሥር፣ አንጓ። ጓንት አጠለቁ። ሌላ ሣጥን ላይ ደወል ጮኸና ተረኛዋ ወደዚያ ሮጠች፤ አማቴ ብቻቸውን ቀሩ። ሕፃን ከመወጋቱ በፊት ሕመሙን እንዲረሳ አፉ ላይ ግሉኮስ የሚባል የስኳር ውሃ ጠብታ ይደረግለታል። እንደ ወጉ አንዷ ጠብታውን ስትሰጥ ሌላዋ እግሩን ትይዛለች። አማቴ ሁለቱንም ራሳቸው አደረጉት። ጣታቸውን ጠብታው ውስጥ ነክረው ከንፈሯን አስነኳት፣ ጠባች፣ ዝም አለች። ተረከዟን በአልኮል ጠርገው መዳፋቸው ውስጥ ያዙት። ጠበቁ። ስትነጫነጭ ደግመው ጣታቸውን ሰጧት። ከዚያ በዚያው ጣት ተረከዟን ደግፈው ወጉ። ደሙ እንደ ዶቃ ድቡል ብሎ ወጣ፤ አንዴም አልጨመቁም።

እኔም ባለቤቴም ሁሉንም አየን። ከመስታወት ወዲህ ቆመን ተቃቅፈን አለቀስን። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ብዬ ነበር።

ምራታቸው ጠብታውን ጠጥታ ወረቀቷን ተፋች። ትንፋሽ ደህና። አሲድ ደህና። ስኳር ደህና፣ እንዲያውም ሞልቶ። ወጣቱ ዶክተር ትንሽ ስለሆነች ስኳሯ እንዳይወርድ ፈርቶ በደም ሥሯ ሊሰጣት ተዘጋጅቶ ነበር። ወረቀቱን አየና "ደህና ናት፣ ባንቸኩል ይሻላል፣ ወተቱን እንሞክርላት" አለ። አማቴ ሲወጡ እጃቸውን በደስታ እያሻሹ ነው የወጡት። "የአያቷን እጅ አወቀችው" አሉ።

ሚጢ ተኛች። ብዙ ተኛች። "ጨዋ ልጅ ናት" ተባለ። ወተቱንም አልፈለገችም። ከሰዓት በኋላ ተረኛዋ ሣጥኑን ስትከፍት ልጄ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሳለች፤ ወዲያው አንድ ክንዷ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ከሌላኛው እግር ደም ተወሰደ። ስኳሯ የለም ከሚባል የማይሻል ነበር። በደም ሥሯ ሰጧትና ነፍሷ ተረፈች። የቀረውን ግን ያ ሁሉ ሰዓት በልቶታል።

ሁሉም ጣቱን ማሽኑ ላይ ቀሰረ። ጠጋኝ መጣ፣ የማሽኗን ሆድ ከፍቶ አየ፣ መልሳቸው በታወቀ ፈሳሾች ፈተናት። አንድም አልሳተችም። "ማሽንም እንደ ሰው ነው፣ አንዳንዴ ይሳሳታል" ተባለና ተዘጋ። አማቴ ብቻ አልተዘጋላቸውም። ውሸት እንደማታውቅ የሚያውቁ እሳቸው ናቸዋ! ማግስቱን ከአንዲት የቆየች ባልደረባቸው ጋር ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። አንድ ጣታቸውን አጥበው ወጉና ደሙን አጠጧት፤ የራሳቸውን ስኳር ነገረቻቸው። ሌላ ጣታቸውን ግሉኮስ አስነክተው፣ በጨርቅ ጠረግ አድርገው ወጉ። ቆሞ የሚሄድ ሰው ደም ውስጥ ሊኖር የማይችል ስኳር ተፋች።

ባልደረባቸው ወረቀቱን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። "ዝም በይ" አለቻቸው። "ዝም አይነቅዝም። ልጅቱ ተርፋለች፣ ማሽኑም ተወቅሷል፣ ማሽን ደግሞ አይከፋውም።"

"የምራቴ ስም ጠፍቶ የእኔ ይቆይ?" አሉ አማቴ።

ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ አስቀመጡንና ፊታችን ቆሙ። አልተቀመጡም።

"ማሽኑ የሰጠነውን ነው የነገረን" አሉ። "የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጣቴ ላይ ግሉኮስ ነበር፤ ከደሟ ጋር ተቀላቅሎ ገባ። ስኳሯ ያኔም ወርዶ ነበር። እኔ ሸፈንኩት።"

ባለቤቴ እናቷን ቀና ብላ እያየች "አልታጠብሽም?" አለች።

"ታጥቤ ገባሁ። ጠብታውን ከሰጠኋት በኋላ ጓንቱን አልቀየርኩም።"

"ሰው ሁሉ ላይ ስትጮሂ ኖረሽ።"

"አዎ ልጄ።"

"ልጄን እንዳትነኪያት።"

ይኸው ነው። ጩኸት የለ፣ ስድብ የለ። ቢጯጯሁ ይሻለኝ ነበር። ጩኸት እንኳ ያልቃል።

ሆስፒታሉ አልቀጣቸውም፤ ጥድፊያው ነው፣ የሰው እጥረት ነው አሉ። ጠብታ የሰጠ እጅ ተረከዝ እንዳይነካ ጥብቅ ትእዛዝ ወጣ። አማቴ ግን ራሳቸውን ቀጡ። የሕክምና ዕቃ ወደሚቀቀልበት ክፍል እንዲያዛውሯቸው ለምነው፣ ጡረታቸው እስኪደርስ መቀስ ሲደረድሩና ጨርቅ ሲያጥፉ ቆዩ። ምራታቸውን ሄደው እንደተሰናበቱ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም።

ሚጢን የሚጥል በሽታዋ ሲጥላት፣ ጥርሷን ነክሳ ከንፈሯ ሲጠቁር፣ ደሜ ይፈላል። እነዚያን እጆች ባገኛቸው እላለሁ። ሲያልፍላት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣብኛል። ሴትየዋ ዝም ቢሉ ኖሮ ዛሬ ሚጢን ጭናቸው ላይ አድርገው ሻይ ይጠጡ ነበር፣ እኛም የአያት ፍቅር እያልን እንመርቃቸው ነበር፣ ያ ክፍል ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ይደግመው ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ቤት ከጠራ በኋላ ነው የጨለመው። ባለቤቴም የማትምራቸው በእናቷ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም። "አንቺ ግቢ" ያለችው እሷ ናት። እናቷን ብትምር ከዚያ ቃል ጋር ብቻዋን ልትቀር ነው። ይህን አንድ ቀን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዓይኗን ሳይ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘጋሁት።

ሚጢ አንድ አመል አላት። እግሯ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ከሰማች ቀኝ እግሯን ትዘረጋለች፣ ያዙልኝ ማለቷ ነው። እኔ እይዝላታለሁ፣ ግን የበያጅ እጅ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ትንሽ ትታገሰኝና ትሰበስበዋለች። እናቷ ስትይዝላት ደህና ነው፣ የእናቷ እጅ ግን እንደ ሚጢ እግር ቀዝቃዛ ነው። አማቴ ይህን ሁሉ ከዚያችው በር አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ሆነው ያያሉ።

ባለፈው ዝናብ በዋለበት ቀን ሚጢን ጠዋት ጥሏት ነበር። ሲለቃት ማልቀስ ጀመረች፣ ማልቀሷም አላቆም አለ። ካልሲ ደራረብንላት፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርገን እግሯ ሥር አስጠጋን፣ ተሸክመን ዞርን። እንቢ። ድምፅ በሰማች ቁጥር ያን እግር ትዘረጋለች፣ ስንይዘው ትሰበስበዋለች፣ ታለቅሳለች። ባለቤቴ ከእሷ ብሶ ልታለቅስ ደርሳለች። አማቴ በር አጠገብ ተቀምጠዋል። ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ጡጫቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። ያን ቀን ጠየቁ።

"ልጄ... ልንካት?"

ባለቤቴ ፊቷን አላዞረችም። የሚጢን ካልሲ በእጇ ይዛ ምንጣፉን ታያለች። እምቢ ካለች አማቴ ከዚያ ወንበር ተነሥተው ዳግመኛ እንደማይመጡ ታውቆኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለቴ አይጠየቅም።

"መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ" አለች።

አማቴ ተነሡ። ግድግዳውን ተደግፈው ወደ መታጠቢያው ሄዱ። የውሃው ድምፅ መጣ፤ አላቆም አለ። በጣት መሐል። አውራ ጣት ለብቻው። የጥፍር ሥር። አንጓ። እንደገና ከመጀመሪያው። ሚጢ ታለቅሳለች፣ ውሃው ይወርዳል። የእኛ ቧንቧ ሙቅ ውሃ የለውም።

እጃቸውን ደረታቸው ፊት ከፍ አድርገው፣ ምንም ሳይነኩ መጡ። እንደዚያ ከፍ አድርገው ወደ ሕፃናቱ ሲገቡ በመስታወት አይቻቸዋለሁ። ምንጣፉ ላይ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተቀመጡ። ሚጢ ሰምታ እግሯን ዘረጋች። አማቴ ያዙት።

ልጄ በድንጋጤ ጮኸችና እግሯን ነጥቃ ሆዷ ሥር ሰበሰበችው። ያ እጅ በረዶ ሆኗል።

አማቴ ባዶ መዳፋቸውን ትኩር ብለው አዩት። ያን ፊት ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። እግሯን ግን አልተከተሉም፣ አልጎተቱም። እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ተቀመጡ።

ባለቤቴ ካልሲውን ጥላ አጠገባቸው ተንበረከከች። የእናቷን እጆች ከብብታቸው አወጣቻቸው። በሁለት እጇ መሐል አድርጋ ማሸት ጀመረች። ለስላሳ አልነበረም፤ እንደተቆጣ ሰው ነበር የምታሻሸው፣ ቆዳቸው እስኪቀላ። ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እስካሁንም አልጠየቅኳትም።

"ቀዝቅዘሻል" አለቻቸው።

"ይሞቃል" አሉ አማቴ። "ቆይ፣ ይሞቃል።"

ሚጢ እግሯን እንደሰበሰበች ታለቅሳለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው እስክትዘረጋው ጠበቁ።